የሴቶቹ ሙቀጫ

ልጆቼ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። እኛ ወንዶቹ ከዛፉ ሥር፣ ከመንደራችን ሸንጎ ከኮትላ ተቀምጠን ስንመክር፣ ትልቁ ሙቀጫ ለከተማው ሙዚየም ይሰጥ ሲባል እጃቸውን ካወጡት አንዱ ነበርኩ።

የድሮው መንደራችን ጉድጓድ የደረቀ ጊዜ ቤቱንም በረቱንም ጥለን ነው የወጣነው። ሙቀጫውን ግን ሴቶቹ እምቢ አሉ። በካላሃሪ አሸዋ ላይ እያንከባለሉ ሁለት ቀን ሙሉ ገፍተው አመጡት። በአንድ በኩል ከንፈሩ በዘነዘና ተበልቶ ጎድሏል። እስከ ዛሬ የሰርግ ማሽላ የሚወቀጠው በእሱ ነው፤ የሚቀመጠውም እኛ ግቢ።

መኪናው መጣ። ታፖሎጎ የሚባል የሙዚየሙ ሰው፣ ትሁት ነገር ነው፣ ማ ሴጋሜ፣ የሴጋሜ እናት፣ ለምንላት ለባለቤቴ ወረቀት ዘረጋላት።

«እማማ፣ አለቃው ፈርመዋል። መስታወት ውስጥ እናኖረዋለን። ከእንግዲህ ማንም አይነካብዎትም።»

«አለቃው? ራ ሞላቴ? ለመሆኑ ወቅጦ ያውቃል?»

ጎረቤቶቿ በሳቅ ፈረሱ። ራ ሞላቴ ራሱ ከኋላ እያለከለከ ደረሰ።

«ማ ሴጋሜ፣ በኮትላ የተወሰነ ነው! በእንግዳ ፊት አታዋርጂን!»

«ከብትህን ስጥ፣ ከብት የአንተ ነው። ሙቀጫ የሴት ነው። ከመቼ ወዲህ ነው ወንድ ሙቀጫ የሚሰጠው? እናትህ በሕይወት ብትኖር በዘነዘናው ነበር የምትልህ!»

ይህን ብላ ማሽላዋን ሙቀጫው ውስጥ ገለበጠችና መውቀጥ ጀመረች።

«ግድ የለም፣ ሲጨርሱ እንጭነዋለን» አለ ታፖሎጎ።

አልጨረሱም። አንዷ ሲደክማት ሌላዋ ዘነዘናውን ትቀበላለች። ከየቤቱ ሳህን ማሽላ ይዘው የመጡት ግቢውን ሞሉት። ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች። ዱብ፣ ዱብ! አለቃው ይጮሃል፣ የሚሰማው የለም። በመጨረሻ ማሽላቸው እያለቀ ሲሄድ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ፣ ሚስትህን አስቁም እንጂ! አንተም እጅህን አውጥተህ የለ?»

ሁሉም አየኝ። እሷ ብቻ አላየችኝም፣ ትወቅጣለች። ተነሳሁ። ወደ ጎተራችን ሄድኩና አንድ ጆንያ ማሽላ ተሸክሜ ሴቶቹ መሀል አወረድኩት።

«አንተም?» አለኝ አለቃው።

«እኔም።»

ታፖሎጎ ጆንያውን አየ፣ ሙቀጫውን አየ፣ ወረቀቱን አጥፎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ከባለቤቴ ምስጋና የጠበቅሁ ሞኝ ነበርኩ።

«ጆንያህን ወዲያ አድርግልኝ፣ እግሬ ሥር ነው» አለችኝ።