ከነጩ መስመር ወዲያ

ኡምሱን ተናዳለች። ንዴቷ ደግሞ እንደ ሌላው ቀን ከምራቅ ጋር የሚዋጥ አልሆነላትም። አባቷ ሲድራት የሰጣት ዳማ ፈረስ ግራ የፊት እግሩን አንጠልጥሎ ድንኳኑ ደጃፍ ቆሟል፤ አማቷ ሽማግሌው ታሽታንቤክ ደግሞ ቢላ እየሳሉ ነው።

«ሰንካላ ፈረስ ክረምቱን አይዘልቅም» አሉ ለተሰበሰበው ዘመድ። «የባለቤቴ ሙት ዓመት ደርሷል። እንግዳው እንደ አገራችን ወግ የፈረስ ሥጋ ሳይቀምስ ከሄደ፣ ታሽታንቤክ ሰሰተ ነው የሚባለው።»

ፈረሱ ያነከሰው ሰኮናው ላይ የብረት ጫማ በተመታለት ማግስት ነው። ጫማውን የመቱለት ራሳቸው ሽማግሌው ናቸው። መንደሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ አፉን የሚከፍት ግን የለም። «ድንጋይ ወግቶት ነው» ብለዋል፣ በቃ አለቀ።

ኡምሱን የፈረስ ጫማ መቺ ልጅ ናት፤ የፈረስ እግር ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ነው ያደገችው። ሰኮና ከውጭ ሲያዩት ጥፍር ነው፤ ቢሞርዱት፣ ምስማር ቢመቱበት አይሰማውም። ከታች ግን፣ የውጩ ጥፍር ከመርገጫው ጋር የሚጋጠምበት ቀጭን ነጭ መስመር አለ። ከዚያ ወዲያ ሕይወት ነው፤ ደም አለ፣ ሥጋ አለ፣ አጥንት አለ። መሐል ያለው ለስላሳ ሦስት ማዕዘን ደግሞ ፈረሱ በረገጠ ቁጥር ተጨፍልቆ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ይህን ሁሉ እያወቀች ዝም ማለቷ አንገበገባት።

በአገሩ ወግ ምራት በአማቷ ፊት ድምጿን አታሰማም፤ ስማቸውንማ በሌሉበትም አትጠራም። ኡምሱን ካገባች ጀምሮ አንድም ቀን አልጠራችም።

ባሏን ኤርሜክን ወደ ጓሮ ጎተተችው።

«ምስማሩ ነው። ንገራቸው።»

«አባቴን ጫማ መምታት አትችልም ልበለው? አብደሻል እንዴ?»

«እና ፈረሴ ይታረድ?»

«ፈረስ ሌላ ይገዛል። አባት አይገዛም።»

«አንተም ወንድ ተብለህ!» አለችና ጉጠቱን ከመሣሪያ ሳጥኑ መንጭቃ ወጣች።

ሽማግሌው ቢላውን ይዘው ሲጠጉ በእሳቸውና በፈረሱ መሐል ገባች።

«ታሽታንቤክ! ያንን ቢላ ያስቀምጡ!»

ሰዉ ክው አለ። የኤርሜክ አክስት አፏን በእጇ ያዘች። ኡምሱን ማንንም ዞር ብላ አላየችም። የፈረሱን እግር አንስታ በጭኖቿ መሐል አጠበቀችና የምስማሮቹን ራስ አንድ በአንድ በጉጠቱ ጫን ጫን አደረገች። አንዱ ጋ ስትደርስ ፈረሱ ዘለለ። ነቀለችው። ጥቁር መግል ተፈናጥሮ የሽማግሌውን አዲስ ቦቲ አበላሸው።

«ድንጋዩ ይኸውልዎት!» አለች ምስማሩን ፊታቸው ላይ ደቅና። «ከነጩ መስመር ወዲያ ነው የመቱት፣ ሕይወት ያለው ሥጋ ላይ! አቁስለውት ሲያበቁ አነከሰ ብለው ሊያርዱት!»

ታሽታንቤክ መግሉንም ምስማሩንም አላዩም።

«ስሜን ጠራችኝ» አሉ። «ሰው በተሰበሰበበት ስሜን ጠራችኝ! ፈረስሽን ይዘሽ ከቤቴ ውጪ!»

«እወጣለሁ። ግን በዚህ እግር ተራራ አይወርድም፤ እኔም ጥዬው አልሄድም። ኤርሜክ! ሙቅ ውኃና ጨው!»

ኤርሜክ አባቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ ወደ ምድጃው ሄደ።

ኡምሱን እግሩን ከጭኗ አልለቀቀችም። «እስኪድን ጠዋት ማታ አጥበዋለሁ» አለች። «ባጠብኩት ቁጥርም ማን እንዳቆሰለው በስሙ እጠራለሁ፣ ታሽታንቤክ።»