አላገባሁም

አንድ ባል፣ ሚስቱ እየሰማች፣ በሕዝብ ፊት «አላገባሁም» ካለ በኋላ ከዚያችው ሚስቱ ጋር አርባ ዓመት በሰላም ኖረ ቢባል ማን ያምናል? የአምበሉ ባለቤት ግን ኖረዋል፤ በዚያችም ቃል ሲኮሩ እንጂ ሲያፍሩባት ያየ የለም።

ቃሏ የተነገረችው በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ነው። ሁለቱም ያን ጊዜ ገና አንቱ ያልተባሉ ወጣቶች ነበሩ። እሱ በገመድና መረብ ፋብሪካው ውስጥ ከቋጣሪዎች ሁሉ እጁ የተመሰገነ ሠራተኛ፣ በፋብሪካውም ቡድን አጥቂና አምበል ነበረ። እሷ ደግሞ ከተጋቡ ዓመት ሳይሞላቸው ጨዋታ የማይቀርባት፣ ከወንዶቹ ይልቅ ድምፅዋ የሚሰማ ቲፎዞ ሆና ነበር።

የዋንጫው ጨዋታ ከጡብ ፋብሪካው ቡድን ጋር በሚደረግበት ዕለት ጠዋት፣ የግቦቹን መረብ የሰቀለው አምበሉ ራሱ ነው። የመረብ ሠሪዎች ቡድን መረቡን ለባዕድ እጅ አሳልፎ አይሰጥም፤ ነውር ነበር። ቲፎዞው ሳይቀር «የኛ መረብ ቀዳዳ አያውቅም» እያለ ነው የሚዘፍነው።

ጨዋታው አንድ ለአንድ ሆኖ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ፣ አምበሉ ከግቡ በስተቀኝ ያገኛትን ኳስ መሬት ለመሬት መታት። ኳሷ መረቡ ውስጥ ተገኘች፤ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ጥላ ፎቁ በአንድ ጊዜ ከመቀመጫው ተነሣ። ሚስቱ አጠገቧ የተቀመጠችውን የማታውቃትን ሴት አንገት አንቃ ስትስም፣ ሴትዮዋ «ኧረ ልትገድዪኝ ነው!» እስክትል ድረስ አለቀቀቻትም።

የጡብ ፋብሪካው ተጫዋቾች ግን ዳኛውን ከበቡት። ኳሷ በግቡ ፊት አልገባችም፣ በጎን ነው የሾለከችው አሉ። ቲፎዞው መልሱን በዘፈን ሰጣቸው፤ የኛ መረብ ቀዳዳ አያውቅም። ዳኛው ተጫዋቾች ጋርደውት አላየም ነበርና ግራ ተጋባ። በመጨረሻም ሁሉንም ገፍቶ ወደ አምበሉ ሄደ።

«ቅርብ የነበርከው አንተ ነህ። አግብተሃል ወይስ አላገባህም?»

ዘፈኑ ቆመ። አምበሉ አይቷል። ከግቡ ቋሚ ሥር፣ ጠዋት በገዛ እጁ ያሰረው የመጨረሻው ቋጠሮ ተፈትቶ፣ በቋሚውና በመረቡ መካከል ኳስ የሚያሳልፍ ክፍተት ተፈጥሯል። እውነቱን ቢናገር ጎሉ ብቻ ሳይሆን የእጁ ስምም ይሄዳል፤ የምስጉኑ ቋጣሪ ቋጠሮ ተፈታ ሊባል ነው። ቢሆንም መልሱ ሳይዘገይ መጣ።

«አላገባሁም። በጎን ነው የገባችው። እኔ ያሰርኩት ቋጠሮ ተፈትቷል።»

ከጥላ ፎቁ አንድ ቀልደኛ «ኧረ ቀስ በል ወንድሜ፣ ሚስትህ እዚህ ተቀምጣ እየሰማችህ ነው!» ብሎ ጮኸ። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ቁጣ ተከተለ። ጎሉ ተሻረ። በቀሩት ደቂቃዎች የጡብ ፋብሪካው ቡድን አገባና ዋንጫውን ይዞ ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ የአምበሉ ስም ጠፋ፤ «አላገባሁም» የሚባል ሰው ተፈጠረ። የሥራ ጓደኞቹ በሚቆምበት ቦታ ላይ የተቀደደ መረብ ይሰቅሉለት ነበር። በውኃ ቧንቧው አጠገብ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ደግሞ ሚስቱን አላስቀምጥ አሏት። አንዲቱ ባሏ አላገባሁም ካለ እሷ በዚያ ቤት ምን እንደምትሠራ ብትጠይቃት፣ እንስራዋን ከቧንቧው ሥር ሳታነሣ መለሰች፤

«እሱ አላገባ ይሆናል። እኔ ግን አግብቻለሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች፤ ቀና ብላም ወደ ቤቷ ሄደች። እውነት ለመናገር፣ ያን ቀን በጥላ ፎቁ ላይ አልቅሳ ነበር፤ ዋንጫው ስላመለጠ ግን አይደለም። ሕዝብ ሁሉ አንድ ቃል እየጠበቀ ሳለ ሌላውን፣ እውነተኛውን፣ የሚመርጥ ሰው እንዳገባች ያወቀችው በዚያች ሰዓት ስለሆነ ነው።

በሜዳው ላይም አንድ ነገር ተለወጠ። በተከታዩ ዓመት የጡብ ፋብሪካው አምበል ከጨዋታ በፊት ወደ እሱ መጥቶ፣ ና መረቡን አብረን እንየው አለው። ሁለቱም ሄደው፣ አንዱ እየጎተተ ሌላው እያየ፣ ቋጠሮዎቹን ፈተሹ። ሌሎች ቡድኖችም ተከተሏቸው። ተጫዋቾች ይህንን «መረቡን ማስማል» አሉት፤ በከተማዋ ሳይምል የሚሰቀል መረብ ከዚያ ወዲህ የለም። ዘመን ሲያልፍ ግን ልማዱ ቢቀጥልም መነሻው ተረሳ።

አምበሉና ባለቤታቸው አርጅተው አንቱ ከተባሉ በኋላ፣ የክለቡ አዲሱ ሊቀ መንበር አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቤታቸው መጣ። በወጣትነቱ ለዚሁ ቡድን የተጫወተ፣ ሰው አክባሪ፣ ንግግር የሚወድ ጎልማሳ ነው። አዲስ ጥላ ፎቅ መሠራቱንና በአምበሉ ስም ሊሰየም መወሰኑን አበሠራቸው። በግንቡ ላይ የሚለጠፈውንም የእብነ በረድ ጽሑፍ በቃሉ አነበነበው፤ «በዳኛ ስሕተት ለተሻረው ጎላቸው መታሰቢያ»። ወጣቱ ሊኮራበት የሚችል ታሪክ ያስፈልገዋል፣ ዳኛውም ከሞተ ቆይቷል፣ የሚከፋው ሰው የለም አለ። ከአምበሉ የሚፈለገው ገመዱን ስቦ መጋረጃውን መግለጥ ብቻ ነው።

አምበሉ «አስብበታለሁ» አሉ።

ባለቤታቸውን ያስደነገጣቸው ይህ ቃል ነው። የባላቸው የዚያን ቀን መልስ ከሐሳባቸው ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ አሁን ግን የማሰቢያ ጊዜ ተሰጣቸው። ለጀግንነት የማይሰንፍ ሰው ለዕረፍት ሲል ሊሸነፍ ይችላል። ሽማግሌው ከሠራተኛው ማኅበር ቤት ደጃፍ በሚያልፉ ጊዜ አሁንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚስቁባቸው እኩዮች እንዳሉ ያውቃሉ፤ አንድ ገመድ ቢስቡ ግን ያ ሳቅ ለዘለዓለም ይዘጋል።

ልጃቸውም ነገሩን አከበደው። ሚስትና ልጆች ያሉት ትልቅ ሰው ነው፤ ነገር ግን የትምህርት ቤቱን ዘመን አልረሳም። «የአላገባሁም ልጅ» ሲሉት ስድቡ ድርብ ነበርና ስንት ጊዜ አፍንጫው ደምቶ ገብቷል።

«አባባ፣ ይዋሹ አላልንዎትም» አለ። «ገመዱን ስበው ዝም ይበሉ። ዝምታ ውሸት ነው እንዴ?»

ባለቤታቸው የባላቸውን ካፖርት የላላ ቁልፍ እየተከሉ ነበርና አፋቸው ላይ የነበረውን ክር በጥርሳቸው በጠሱ። ብዙ ሊናገሩ ይችሉ ነበር፤ አልተናገሩም። እሳቸው ቢናገሩ ቃሉ የሳቸው ይሆናል፤ የሚፈልጉት ግን የባላቸውን ቃል ነው። ካፖርቱን ሲያለብሷቸው «ቁልፉ ጠብቋል» ብቻ አሉ።

በምረቃው ዕለት ከሰዓት በኋላ ጥላ ፎቁ ሞላ። ሊቀ መንበሩ በድምፅ ማጉያው የክለቡን ታሪክ ተረከ፤ ስለ አምበሉ ምት፣ ስለ መረቡ መናጥ፣ ስለ ጨካኙ ፊሽካ ሲያነሣ ሕዝቡ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሞቅ ሲል እሱም ሞቀው። አምበሉ የመጋረጃውን ገመድ ጫፍ ይዘው አጠገቡ ቆመዋል። ሊቀ መንበሩ ገመዱን ከመሳብ በቀር ምንም እንደማይፈለግባቸው የተናገረው ራሱ መሆኑን ረስቶ፣ ድምፅ ማጉያውን ወደ እሳቸው አስጠጋ።

«አባባ፣ እስቲ ወጣቱ ከራስዎ አፍ ይስማ። ያን ቀን አግብተዋል አይደል?»

ባለቤታቸው ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ሻሻቸውን አጥብቀው ያዙ። አምበሉ በእጃቸው የያዙትን ገመድ ተመለከቱ፤ በጣታቸው አገላበጡት።

«ይህን የቋጠረው ማን ነው? ልል ነው» አሉ።

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«አንተ ስትጫወት መረቡን ታስምል ነበር?»

«እንዴታ፣ አባባ! ሳናስምል ተጫውተን አናውቅም።»

«ለምን ነበር?»

ሊቀ መንበሩ ቡድኑን በአምበልነት በመራባቸው ዓመታት ሁሉ ከጨዋታ በፊት በገዛ እጁ የጎተተውን መረብ ለምን እንደ ጎተተው ማንም ጠይቆት አያውቅም።

«የኔ ቋጠሮ ስለ ተፈታ ነው» አሉ አምበሉ። «ዳኛው አልተሳሳተም። ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የሞተ ሰው ቆሞ አይከራከርምና እኔ ልቁምለት። ያን ቀን አላገባሁም።»

ገመዱን ሳይስቡ ለቀቁት። ወደ ፊት ረድፉ ዞረውም፣ በድምፅ ማጉያው መሆኑን የዘነጉ ይመስል፣ ቀስ ብለው፣

«ያገባሁት አንቺን ብቻ ነው» አሉ።

እንደ ድሮው መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ባለቤታቸው ከሳቁ በኋላ የሚመጣውን ያውቁ ነበርና ራሳቸውን አዘጋጁ። ቁጣው ግን አልመጣም። ከኋላ በኩል አንድ ሰው ተነሥቶ ቆመ፤ ቀጥሎ ረድፉ በሙሉ፤ ቀጥሎም ጥላ ፎቁ። ማንም አልጮኸም፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። ወይዘሮዋ ብቻ ተቀምጠው ባላቸውን ያዩ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ፊቱ ቀልቶ ለአፍታ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ ጽሑፉ እስኪታረም መጋረጃው እንደ ተዘጋ እንደሚቆይ ተናገረ፤ የአምበሉንም ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ እንደሚያስቀርጽ ቃል ገባ። ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ለመገመት ማንም አልተቸገረም።

ለመክፈቻው ጨዋታ የተሰለፉት ሁለቱ ወጣት አምበሎች መረቡን ሊያስምሉ ወደ ግቡ ሲያመሩ፣ አንደኛው ተመልሶ የሽማግሌውን ክንድ ያዘ። ሦስቱም አብረው ሄዱ።

በጥላ ፎቁ ላይ አንድ ዘግይቶ የደረሰ እንግዳ ተመልካች ወደ ልጃቸው ጎንበስ ብሎ እኒህ ሽማግሌ ማን ናቸው ሲል ጠየቀው። ልጁ ሲመልስ ድምፁን ዝቅ አላደረገም፤

«አባቴ ናቸው። እኔ የአላገባሁም ልጅ ነኝ።»

እናቱ ሰሙት፤ ዞረው ግን አላዩትም። ዐይናቸው ያለው ሜዳው ላይ ነበር፤ ባላቸው ቋሚውን ተደግፈው ጉልበታቸውን በጭንቅ አጥፈው፣ ከሥር ያለውን የመጨረሻውን ቋጠሮ እየሳቡ ነው። ጠበቅ ያለ መሆኑን አይተው ሊነሡ ቀና አሉ። ከዚያ ተመልሰው አንድ ጊዜ ደግመው ሳቡት፤ ለዕለቱ ጨዋታም ዳኛ እጃቸውን አነሡለት።