የዘርጉል በረኛ

«ይቺ ደግሞ እንባ የላትም እንዴ?» አለች ኑስረት፣ ደረቋን የተምር ፍሬ ከግራው ክምር አንስታ ወደ ቀኙ እያሻገረች። ለጎኗ ሴት በጆሮዋ መንገሯ ነበር፤ የኑስረት ሹክሹክታ ግን ከግቢው በር ላይም ይሰማል።

«ተዪ እንጂ፣ ሐዘን በየሰዉ ነው» አለቻት ሌላዋ።

«በየሰዉ ነው ትያለሽ እንዴ! ቀይሰራ እኮ አክስቷ ብቻ አይደለችም። እናቷ ስትሞት የስድስት ወር ሕፃን ነበረች፤ እንደ ልጇ ነው ያሳደገቻት። እኔ እንኳ የጎረቤቷ ሰው ዓይኔ አብጧል።»

ታቢንዳ ሁሉንም ሰማች። ከነጩ አንሶላ ጥግ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ሦስተኛው ቀን ነው። ምድጃው ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ አልተለኮሰም፣ የጎረቤት ሩዝ በትሪ በትሪ እየመጣ ይበላል። ሴቶቹ በእያንዳንዷ ፍሬ ላይ አንድ አንድ ዱዓ እያደረሱ ክምሩን ያሻግራሉ። እሷ አንድም አላነሳችም። ማልቀስ እምቢ ብሏት አይደለም፤ ለማን እንደምታለቅስ ስላላወቀች ነው።

አጎቷ ሙነወር ከበሩ ውጭ ጉሮሮውን ጠረገ። የሴቶች ለቅሶ ላይ አይገባም።

«ታቢንዳ፣ የእህቴን ሳጥን ጨርሺና እሰሪው። ከዓስር ሰላት በኋላ ሪክሻው መጥቶ ይጭነዋል።»

«እሺ፣ አጎቴ።»

የአክስቷ የድርሰት ወረቀቶች ወደ ትልቁ ቦይ ሊሄዱ ነው። የአላህ ስም ያለበት ወረቀት መሬት ላይ አይጣልም፣ አይቃጠልምም፤ በጆንያ ታስሮ፣ ድንጋይ ተጨምሮበት፣ ወራጅ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። ቀይሰራ ደግሞ እያንዳንዱን ምዕራፍ በቢስሚላህ ነበር የምትጀምረው። ወንድሟ ታዲያ ምን ቸገረው? አርባ ዓመት ሲጠላው የኖረውን ነገር በአክብሮት ሊያሰምጠው ነው። ይስመጥ፣ ብላለች ታቢንዳም በመጀመሪያው ቀን። ማንም አላስገደዳትም።

ተነሥታ ወደ አክስቷ ክፍል ገባች።

ጠባብ ክፍል ናት። አንድ የገመድ አልጋ፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ጉልበት ላይ ተደርጎ የሚጻፍበት ሰሌዳ። ቀይሰራ እዚህ አልጋ ላይ እግሯን አጥፋ ለሴቶች ወርኃዊ መጽሔት ስትጽፍ ኖረች። ጂኖች፣ የሚናገሩ ፈረሶች፣ የመስታወት ተራራ፤ በመሃሉ ሁሌም አንዲት ሴት። ሰይፍ የምትመዝ፣ ንጉሡን «ዞር በልልኝ» የምትል ሴት። ጸሐፊዋ ራሷ ግን ያለ ወንድሟ ፈቃድ እስከ ጨርቅ ተራ አትሄድም ነበር። አላገባችም፣ ቤትም አልነበራትም። የነበራት ብዕር ነው።

«የማይሆን ነገር አልጽፍም» ትል ነበር። «ጂኑ ይሁን፣ ዝላዩ ግን እውነት መሆን አለበት።»

እውነቱን የምታጣራው በታቢንዳ ነበር።

«ነይ እስቲ፣ አምባር ያደረገች ሴት ሰይፍ ስታነሳ አምባሩ ወዴት ይሄዳል?»

የዘጠኝ ዓመቷ ታቢንዳ የሊጥ መዳመጫውን ወደ ላይ ታነሳለች። «ወደ ክርኔ ይወርዳል፣ ፉፎ። ያሳክካልም።»

«ያሳክካል» እያለች ፉፎ፣ አክስቷ፣ ትጽፋለች። አንድ ቀን ታቢንዳ ከግቢው አጥር ላይ ዘልላ ጉልበቷ ተላጠ፤ በሚቀጥለው ወር ዘርጉል ከምሽጉ ግንብ ዘልላ ጉልበቷ ተላጠ። ዘርጉል የቀይሰራ ዝነኛዋ ሴት ናት።

«ፉፎ፣ ዘርጉል እኔ ነኝ እንዴ?»

«ጉልበቷ ያንቺ ነው። ሌላውን ስታድጊ እናያለን።»

አደገች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ኦካራ ለሚኖር ሰው ተዳረች። ሰውየው እጁ ለዱላ ፈጣን ነበር፤ በሩዙ ጨው፣ በሻዩ መቀዝቀዝ፣ በምንም ያነሳዋል። ወር በወር መጽሔቱ ሲመጣ ከዱቄት ዕቃው ኋላ ደብቃ ታነባለች። አንድ ወር ዘርጉል ከጂኖቹ ንጉሥ ቤተ መንግሥት በሩን ከፍታ፣ በእግሯ፣ ወደ ተወለደችበት ምሽግ ስትመለስ አነበበች። በማግስቱ የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ሰኔ ነበር፣ እኩለ ቀን። የግቢውን በር ያንኳኳችው በደስታ ነው ቢባል ማን ያምናል? አክስቷ ከፈተች፣ ግን ገርበብ አድርጋ ብቻ። ጣቷ ላይ ቀለም አለ፣ እጇ መቀርቀሪያው ላይ ነው።

«ፉፎ፣ መጣሁ።»

ቀይሰራ የልጅቷን ያበጠ ከንፈር አየች። ሕፃኗን አየች። ከዚያ መሬት መሬት አየች።

«ተመለሺ፣ ልጄ። ትዕግሥት አድርጊ። ተረት ሌላ፣ ኑሮ ሌላ።»

በሩም ተዘጋ። ታቢንዳ ተመልሳ አራት ዓመት ኖረችለት። በአራተኛው ዓመት ሰውየው ራሱ ፈታት፣ ስፌት ተምራ ልጇን ይዛ ሙልታን ገባች። በሩ ከተዘጋባት ቀን ወዲህ የአክስቷን አንድ መስመር አላነበበችም። ቀይሰራ አድራሻዋን አፈላልጋ መጽሔቱን በየወሩ በፖስታ ትልክላት ነበር፤ ታቢንዳ ሳትከፍተው ለመንገዱ ለውዝ ሻጭ ትሰጠዋለች። እሱም ቀድዶ ለውዝ ይጠቀልልበታል።

ሁለተኛው ጆንያ ሊሞላ ሲል ከሳጥኑ ሥር አንድ ጥቅል አገኘች። አክስቷ አንዱን ምዕራፍ ሰባት ጊዜ የጀመረችበት ነው። ሰባቱም በአንድ ቦታ ይቆማሉ፦ «ዘርጉልም በበረኛዋ ፊት ቆመች። አፏንም ከፈተች።» ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ታቢንዳ ነገሩ አልገባትም። በረኛዋ ማን ናት?

በዚህ መሃል ኑስረት በሩን ገፋ አድርጋ አንገቷን አስገባች። «ታቢንዳ፣ ሰዎች መጥተዋል። ዘመድ አይደሉም፣ ከገጠር ነው የመጡት። መጽሔት አንባቢ ነን ይላሉ፤ ጉድ እኮ ነው።»

አንዲት አሮጊትና ምራቷ ገቡ። አሮጊቷ ሸሪፋን ትባላለች፣ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። የታቢንዳን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ሳመች። «አላህ ሰብር ይስጥሽ፣ ልጄ። አላህ ማረፊያዋን ያስፋላት።» ሦስት ቀን ሙሉ ሰፈሩ ሁሉ ያላት ይህንኑ ነው።

«ከሩቅ መጥታችሁ ደከማችሁ፣ እናቴ።»

«ምን ድካም አለው! እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እሷ ናት የምታነብልን» አለች በአገጯ ወደ ምራቷ እየጠቆመች። «ጥጥ ለቅመን ስንጨርስ አሥራ አምስት ሴት እንሰበሰባለን። ታዲያ ልጄ፣ በለቅሶ ቤት አይባልም፣ ግን መንደሩ ጠይቂ ብሎ ልኮኛል። የዘርጉል ነገር እንዴት ሆነ?»

ምራቷ አፈረች። «እማ፣ ተዪያቸው እንጂ።»

«ምን ልተው? አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄአለሁ።» ሸሪፋን ወደ ታቢንዳ ተጠጋች። «ያቺን ርጉም በረኛ ትቀጣታለች ወይስ ትምራታለች?»

«የትኛዋን በረኛ?»

«ዘመዷ ሆነሽ አታውቂያትም? ዘርጉል ከጂኑ ቤት አምልጣ ስትመጣ በሩን የዘጋችባትን ነዋ! አሳድጋት፣ አጥብታ አቅፋ አሳድጋት፣ ልጅቱ ከነቁስሏ ስትመጣ ዘጋችባት። በዚያው ቁልፉ መዳፏ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ላላቅቀው ብትል ሥጋዋ አብሮ ይነሳል። በሩም አይከፈትላት፣ እንቅልፍም የላት፤ ደጁ ላይ ተቀምጣ መንገድ መንገድ ታያለች። በየወሩ ዘርጉል አንዱን አገር ትይዛለች፣ መጨረሻው ላይ ግን ሁሌ አሮጊቷ ናት፣ ከነቁልፏ።»

«ደብዳቤ ጽፈናል» አለች ምራቷ በቀስታ። «ይቺን ሴትዮ ይግደሏት ብለን። ሌላውም ሰው ይጽፍ ነበር አሉ።»

ሸሪፋን ራሷን ነቀነቀች። «በየወሩ ረግመናታል። ምን ይደረግ፣ የእጇን ነው።»

ታቢንዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አሥራ አንድ ዓመት። ቀይሰራ በወር በወሩ እዚህ አልጋ ላይ ተቀምጣ ራሷን በረኛ አድርጋ ደጅ ላይ አስቀምጣ፣ በአገር ታስረግም ነበር። ያንንም በፖስታ ትልክላት ነበር። ለውዝ ተጠቅልሎበታል። ሰባቱም ወረቀት የቆመበት ቦታ አሁን ገባት፤ አክስቷ ዘርጉል ምን እንደምትል ማወቅ የምትችለው ከአንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ያ ሰው ደግሞ አልመጣም።

ሪክሻው ውጭ ጡሩምባውን ነፋ። ሙነወር በሩ ላይ ቆመ። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ምርኩዝ ይዟል።

«ጨረስሽ? ሹፌሩ ያወጣዋል፣ እናንተ ወዲያ በሉ።»

«አይወጣም፣ አጎቴ» አለች ታቢንዳ፣ የጆንያውን አፍ ጨብጣ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ምን አልሽ?»

«ወረቀቱ እዚህ ይቆያል።»

«የአላህ ስም እግር ሥር ቢወድቅ ኃጢአቱን ማን ይሸከማል?»

«እኔ እሸከማለሁ።»

ሽማግሌው ከገጠር የመጡትን አየ፣ ከዚያ እሷን። የተቆጣ አይመስልም፣ የደከመው ነው የሚመስለው። «የማን ጠበቃ እንደሆንሽ ልንገርሽ? ያን ቀን በሩ ላይ ስትደርሺ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ከባሏ የኮበለለች ሴት እቤቴ ካደረች ነገ ብዕርና ወረቀት እዚህ ቤት አይገባም፣ ከሁለት አንዱን ምረጪ አልኳት። የገፋኋት እንዳይመስልሽ። ጊዜ ሰጥቻታለሁ። ብዕሯን መረጠች።»

ሸሪፋን ከአንዱ ወደ ሌላው ታያለች። የጆንያውን አፍ የጨበጠው የታቢንዳ እጅ ላላ። አንድ ቃል ብቻ ቀርቷት ነበር፦ ውሰዱት። አራቱ ዓመት ከነዱላው፣ የሕፃኗ ጩኸት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። አክስቷ ሸጣታለች፤ የሸጠቻትም ለዚህ ጆንያ ነው።

ደግማ ጨበጠችው።

«እንግዲያው የተገዛው በእኔ ነው» አለች። «ዋጋውን የከፈልኩት እኔ ነኝ። የእኔ ነው፣ አጎቴ። አይወስዱትም።»

ሙነወር ፊቱን አዞረ። ምርኩዙን እያንኳኳ ሄደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሪክሻው ባዶውን ሲነሳ ተሰማ።

ሸሪፋን ነገሩ ሁሉ አልገባትም፤ የገባት ወረቀቱ እንደተረፈ ነው። «እሰይ፣ እሰይ» አለች። «ታዲያ መጨረሻው እዚያ ውስጥ አለ? ዘርጉል ምን አለቻት?»

ታቢንዳ ሰባቱን ወረቀት አየቻቸው።

«ምንም አላለቻትም፣ እናቴ። ዘገየች። ስትደርስ በረኛዋ ሞታ ነበር።»

«ሞታ?»

«ሞታ።»

አሮጊቷ ጭኗን በመዳፏ መታች። ቀስ ብላ፣ ደግማ። «ብቻዋን? መንገድ መንገዱን እያየች?» አለች። «እኔ እኮ... እንዲያ ስረግማት...» መጨረስ አቃታት። ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች፣ ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር።

ታቢንዳ ከአልጋው ወርዳ መሬቱ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። የአሮጊቷን ራስ ስባ ደረቷ ላይ አስደገፈቻት፣ ጀርባዋንም ትዳብሰው ጀመር።

«አላህ ሰብር ይስጥሽ» አለቻት። «አላህ ማረፊያዋን ያስፋላት።»