የቦረቦሩ ነጭ አፈር

ጋሽ ጀላል ሱቃቸው ደጃፍ ለቆመ ሁሉ የሚነግሯት አንዲት ወሬ ነበረቻቸው፦ «ከቀራንዮ በታች ያለውን ነጭ አፈር ጣልያን በጆንያ ጭኖ ወስዶታል። ለጨዋታ መሰለሽ?»

ሸክላ ሠሪዋ አስካለማርያም ወሬውን አታምንም፤ አፈሩን ግን ታምናለች። የቀበሌው ሸክላ ሠሪዎች ማኅበር በቀዩ አፈር ስኒ ሲሠራ ግማሹ እሳት ላይ ይሰነጠቃል። የቦረቦሩን ነጭ አፈር ሲቀላቅሉበት ግን ስስ ስኒ እንኳ ደህና ይወጣል። አፈሩ አንዴ ከደረቀ፣ ውሃ ቢያጠጡትም እንደ ፊቱ እንደማይሆን እጇ ያውቃል። ስለዚህ በእርጥብ ጆንያ ሸፍና ታኖረዋለች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ነገሬ ግን ልጆች ይወድቁበታል ብለው ቦረቦሩን ከፋሲካ በኋላ በዘመቻ በድንጋይ ሊያስሞሉት ነው።

አስካለ አፈሩ ይጠቅመናል ብትላቸው «የባለሙያ ወረቀት አምጪና እናያለን» አሏት።

አስካለ ማንበብ የተማረችው ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ነው፤ ቢሮ ስትገባ ማንም እንዲንቃት አትፈልግም። «ጭቃ ተሸክሜ ልግባላቸው?» አለችና አፈሩን ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ለማዕድን ባለሙያው ለደበላ ሰጠች።

መልሱ በወሩ መጣ፦ «ካኦሊን የሚባል ተራ ነጭ የሸክላ አፈር ነው። መጠኑም ትንሽ ስለሆነ ለማዕድን ማውጫ አያዋጣም።»

«እንግዲህ አበቃ» አሉ ጓድ ነገሬ።

«ምኑ ነው ያበቃው ጓድ? ለማዕድን ማውጫ አያዋጣም አለ እንጂ ለስኒ አያዋጣም አላለም። ልጆቹ እንዳይወድቁ ደግሞ አፋፉን እየቆረጥን ተዳፋት እናደርገዋለን። ድንጋዩን ለመንገዱ ጭቃ ያድርጉት።»

ሊቀመንበሩ ያመጣችውን ስኒ በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። «በምላስሽ ነው ያጠነከርሽው?» ብለው ሳቁና ፈቀዱ።

በሦስተኛው ዓመት ነጩ አፈር አለቀ። ተዳፋቱ ላይ ጎመን በቀለ። የማኅበሩ አሥራ ሁለት ሴቶች ግን የራሳቸውን ምድጃ አቁመው፣ ስሱን ስኒ ከአስኮ በሚመጣ አፈር መሥራትም ለምደው ነበር።

ያኔ ደበላ አንድ ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። የተረፈውን ዱቄት ውጭ አገር ልኮ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አስነስቶታል። አስካለ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዞረችው፦ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ውስጣቸው ባዶ የሆነ ቱቦዎች፣ እልፍ አእላፍ።

«አንድ ሺሁ ጎን ለጎን ቢደረደሩ የአንድ ፀጉር ውፍረት ነው» አላት። «ስሙ ሃሎይሳይት ነው፤ ብርቅ ስለሆነ ጥቂቱም ውድ ነው። ውሃው ሲወጣ በተራ ምርመራ ከካኦሊን አይለይም፤ ደርቆ ስለመጣ ተሳሳትን። ያን ጊዜ እርጥቡን ጭቃ ይዘሽ ብትመጪ ኖሮ ቦረቦሩን መንግሥት በሳምንቱ አጥሮ ይወስደው ነበር።»