ሦስት ምንጣፍ

በደሴቲቱ ሆስፒታል ሐኪምና መድኃኒት አለ፤ በሽተኛውን ማብላት፣ ማጠብና ማራገብ ግን የዘመድ ሥራ ነው። በየአልጋው ሥር ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ሰውየው ስንት ወገን እንዳለው ከምንጣፉ ይታወቃል።

ላቪኒያ ባሏን ሞሴሴን ስታስተኛ ሦስት ምንጣፍ ዘረጋች፤ የራሷን፣ የወንድ ልጇን የሴሚሲንና የሴት ልጇን የካሎላይኔን። ልጆቹ ግን ባሕር ማዶ ኦክላንድ ከተማ ናቸው፤ ሥራ አይለቀንም ካሉ ሰነበቱ። ሞሴሴ እንደሆነ ስኳር በሽታ ዓይኑን ከጋረደው ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ምን ያያል? ልጆቹ መጥተዋል አለችው። ምን ታድርግ ታዲያ! ሆስፒታሉ ሲሠራ በጉርምስናው የመሠረቱን ድንጋይ ከባሕር ዳር በትከሻው ያመላለሰ ሰው ነው። መጀመሪያ አንድ የመርፌ ክፍል ብቻ ነበር፤ ኋላ ማዋለጃ ሲጨመርለት ሁለቱም ልጆቹ እዚያው ተወለዱ። ዛሬ በዚሁ ቤት ሰው እንደሌለው ይተኛ? አንጀቷ አልቻለም።

የጎረቤት አልጋ ዘመዶች አሥራ አንድ ነበሩ፤ ዓሣውን፣ ስኳር ድንቹን ተሻምተው ሲበሉ ሣቃቸው ለጉድ ነው። ልጆችሽስ ሲሏት ወደብ ወርደዋል ትላለች። ለሞሴሴ ደግሞ ከምንጣፍ ምንጣፍ እየዞረች ታስላለች፣ ታንኮሻኩሻለች። ለምን አያናግሩኝም ሲላት መርከቡ አድክሟቸው ተኝተዋል ትለዋለች። አራት ቀን ሙሉ! የዋህ ናት እንጂ ውሸት እንኳ አታውቅበትም። ሰው ሁሉ ተኝቶ ብቻዋን ስትቀር ምንጣፎቹን እያየች ታለቅሳለች።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አዲስ በሽተኛ ገባ፤ ዘመዶቹ የሚቀመጡበት ጠፋ። ነርሷ መጥታ በትሕትና ጎንበስ አለች።

«እማማ፣ ሁለቱ ምንጣፎች ባዶ ናቸው። ለእንግዶቹ ልውሰዳቸው?»

ላቪኒያ ምንጣፎቹን በእጇ ያዝ አደረገች። ሞሴሴ ከአልጋው ተናገረ።

«ተዪ ልጄ፣ ልጆቼ ተኝተውበታል።»

ነርሷ ምንጣፎቹን አየች፣ ላቪኒያን አየች፤ ትታቸው ሄደች። ሞሴሴ የእግሯ ድምፅ እስኪጠፋ ጠበቀና እጁን ወደ ወለሉ ሰደደ።

«ላቪኒያ፣ ከመጣን ጀምሮ ጎንሽን አላሳረፍሽም። ሦስት ሰው መሆን ይደክማል። በይ አሁን አንቺን ብቻ ሁኚልኝ።»

እጁን ይዛ ከአልጋው ሥር ጋደም አለች። በየትኛው ምንጣፍ ላይ እንደተኛች እንኳ አላወቀችም።