ቤተሰባችን ስለሆኑ እናመሰግናለን

ታናሽ ወንድሜ ስለ ዲጂታል ማርኬቲንግ የሦስት ቀን ስልጠና ወስዶ ከመጣ ወዲህ መዶሻ መያዝ ነውር ሆኖበታል። የእንጨት ሥራ ቤታችን የጎደለው «የተከታዮች ተሳትፎ» ነው አለ። እኔ የጎደለን ሙጫ ይመስለኝ ነበር። ሠራተኞቹ «ስትራቴጂ» የሚል ስም ሲያወጡለት ሙገሳ መስሎት ወደደው።

ቀኑን ሙሉ እኔ የላግኩትን በር ተደግፎ ይቀረጻል። «ሰላም ቤተሰብ፣ አንደኛውን በር ነው ሁለተኛውን የምትመርጡት?» ይላል። ቤተሰብ የሚላቸው በዓይኑ አይቷቸው የማያውቃቸውን አርባ ሺህ ሰዎች ነው። እነሱም ይመርጣሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ልብ ይልካሉ፤ በር የገዛ ግን አንድም የለም። እሱ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ዋናው ነገር ለሁሉም በደቂቃ ውስጥ መመለስ ነው» ይለኛል። መልሱንም አንዴ ጽፎ አስቀምጦታል፤ ላገኘው ሁሉ ሳያነብ ይለጥፋል።

ባለፈው ሳምንት የእናታችን በር አልዘጋ አለ። እጠግንልሻለሁ ብሎ ቃል የገባላት እሱ ነበር። ብትደውል ብትደውል አላነሳም፤ ቀረጻ ላይ ነዋ። ቢቸግራት ከቪዲዮው ሥር ጻፈችለት፦ «ልጄ፣ በሬ አልዘጋ ብሎኛል። መቼ ትመጣለህ?»

መልሱ በደቂቃ ውስጥ ደረሳት፦ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። ቤተሰባችን ስለሆኑ ደስ ብሎናል።»

በሩን እኔ ሄጄ አስተካከልኩት። እናቴ ስልኳን ይዛ መጥታ መልሱን አሳየችኝ።

«ምን ብበድለው ነው» አለችኝ፣ «ልጄ አንቱ ያለኝ?»