የባለ ኮፍያው ትርፍ ዘፈን

ከማክሰኞ ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ሱቅ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ይጠፋኝና እመለሳለሁ። ሚስቴ ዲሪቤ፣ «ሰውዬ፣ ጉንዳን ወረረህ እንዴ?» አለችኝ። ጉንዳንስ ይራገፋል።

ነገሩ የሃያ አምስት ዓመት ነው። ያኔ እዚሁ መቱ ካሴት ቤት ነበረኝ። ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚሠራ አንድ አሜሪካዊ ዘፋኝ ነበር፤ የካሴቱ ሽፋን ላይ ሰፊ ኮፍያ ደፍቶ ስለሚታይ ባለ ኮፍያው እንለዋለን። የሚለውን የሚረዳ ጥቂት ነው፤ ግን የጎሬ መኪና ያለ እሱ ጊታር አይነሳም። ወደ ዳሪሙ በእግሩ የሚገባ ነጋዴ እንኳ ከሸቀጡ ጋር እሱን ሸክፎ ነበር የሚሄደው። አራት አልበሞቹን እየቀዳሁ እሸጥ ነበር። ሦስቱ የፍቅርና የመጠጥ ናቸው፣ አራተኛው የመዝሙር። ሲያረጅ ንስሐ ገብቶ ይሆናል።

እኔ ገና ንስሐ አልገባሁም ነበር። ጠጪ ነበርኩ፤ ዲሪቤ በር የምትቀረቅርብኝ ዘመን ነው።

ዲሪቤ የምትዘምርባቸው የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ያንን የመዝሙር አልበም ቅዳልን አሉኝ። አልበሙ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ነው፣ ካሴቱ ስልሳ። ባዶ ቦታ ትቶ መስጠት በእኛ ሥራ ነውር ነው፤ ደንበኛ ጎደለብኝ ይላል። ስለዚህ ከሁለተኛው አልበም አንድ ዝግ ያለ ዘፈን መርጬ መጨረሻው ላይ ሞላሁበትና ሽፋኑ ላይ «መዝሙር» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ሁሉ መዝሙር የመረጡት የእኔን ትርፍ ዘፈን! በኦሮምኛ ተርጉመው ዘመሩት፤ «ባልበላ ናፍ ባኒ፣ ያ ጎፍታ»፣ በሩን ክፈትልኝ፣ ጌታ ሆይ። ሕዝቡ ተንሰቀሰቀ። የእንግሊዝኛ አስተማሪው ክንፈ ግን ሱቄ መጥቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ይሄ እኮ የሰካራም ዘፈን ነው! ቡና ቤቱ ተዘግቶበት፣ በሩን ክፈትልኝ፣ አንድ መለኪያ ብቻ እያለ ባለ ቡና ቤቱን ይለምናል።»

ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት። በዓመቱ ተዛወረ፣ ምስጢሩ እኔ ዘንድ ቀረ። መዝሙሩ ኡካ ከተማ ደረሰ፣ ለቅሶ ላይ ተዘመረ፣ ሠርግ ላይ ተዘመረ። እኔም መጠጡን ትቼ ከፊት ወንበር እየተቀመጥኩ አብሬ ዘመርኩ። ሳል ይዞ ስርቆት ማለት የእኔ ኑሮ ነው።

ዘንድሮ መዘምራኑ አልበም ሊያወጡ ተነሱ። መሪዋ ዲሪቤ ናት፣ ቀረጻው ቅዳሜ። ማክሰኞ ዕለት የስቱዲዮው ባለቤት ሂካ መንገድ ላይ አስቆመኝ።

«ጋሼ ኪቲላ፣ ዜማው የማን እንደሆነ መጻፍ አለብን። እርስዎ ያውቃሉ አሉኝ። ካልሆነም ግድ የለም፣ ዜማውን ለስልኬ ባሰማው የማን እንደሆነ ያወጣዋል።»

የዘንድሮ ስልክ ምን የማያወጣው አለ! ሃያ አምስት ዓመት እጇን ዘርግታ የዘመረችው ሴት የከተማው መሳቂያ ልትሆን ነው፤ ያዋረዳት ደግሞ ባሏ። ረቡዕ ልነግራት አፌን ከፍቼ ስለ ዝናቡ አወራሁ። ሐሙስም፣ ዓርብም እንደዚያው። ፈራሁ፣ ሌላ ስም የለውም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስቱዲዮው በር ስንደርስ ክንዷን ያዝኳት።

«ዲሪቤ፣ ያ መዝሙር መዝሙር አይደለም። ካሴቱን የሞላሁበት ዘፈን ነው። የሰካራም ዘፈን።»

የመዘምራን ልብሷን እያስተካከለች አየችኝ። «ሳምንቱን ሙሉ ያንቆራጠጠህ ይሄ ነው?»

«ታውቂ ነበር?»

«ማን የተረጎመው መሰለህ? መዝገበ ቃላት ይዤ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። መለኪያው ጋ ስደርስ ገባኝ፤ ወረቀቱን ቀድጄ ልጥለው ነበር። ያኔ አንተ መጣህ፣ እንደ ልማድህ በሩን ትደበድብ ጀመር።»

አፈርኩ። መሬት መሬት አየሁ።

«አንተ ያልከውን ጻፍኩ» አለች። «ባልበላ ናፍ ባኒ፣ ያ ዲሪቤ። ‹ዲሪቤ›ን አወጣሁና ‹ጎፍታ› አስገባሁ። ሌላ የቀየርኩት የለም።»

«ያን ቀን ከፈትሽልኝ እኮ።»

«ያንን ጽፌ እንዴት ዘግቼብህ ልደር?»

ሂካ ብቅ አለ። «እትዬ ዲሪቤ፣ እየጠበቅንዎት ነው። ዜማው የማን ልበል?»

«የአሜሪካዊው ነው፤ ስሙን ከነዘፈኑ ጻፈው፣ ምንም አትደብቅ።»

«ግጥሙስ?»

ወደ እኔ በአገጯ ጠቆመች። «የእሱ ነው» ብላው ገባች።

ለድምፁ ሲባል በሩ ተዘጋ። እኔ ውጭ ቀረሁ፤ እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግሁ ደጁ ላይ ወዲያ ወዲህ እል ጀመር።